ዛሬ በገዛ እጄ የፋቅኩት ክሪስታል

አስራ አንድ ዓመት ላየው የተመኘሁትን ነገር ዛሬ ጠዋት አየሁት። ከምሳ በፊት በገዛ እጄ ፍቄ አጠፋሁት።

ለማታውቁ፣ የምሠራው ሻርጃ፣ ብረታ ብረት የሚመረምር ላብራቶሪ ውስጥ ነው። የተሰነጠቀ የአሉሚኒየም ቅይጥ መጣና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሳየው፣ ስንጥቁ ጥግ ላይ ባለ አምስት ቅጠል አበባ የመሰለ ነገር ተቀምጧል።

የብረት አተሞች እንደ ወለል ሴራሚክ እኩል እየተደጋገሙ ነው የሚደረደሩት። ባለ አምስት ማዕዘን ሴራሚክ ደግሞ ወለል አይሞላም፣ ክፍተት ይተርፋል። ኳሲክሪስታል የሚባለው ግን ሥርዓት እያለው አይደጋገምም፤ ባለ አምስት ቅርጽም ይሆንለታል። አንዳንዴ እንዲህ የተበላሸ ቦታ ላይ ይፈጠራል።

አዲስ አበባ ማስተርሴን የሠራሁት በእሱ ላይ ነው፣ ያውም ከመጽሐፍ ፎቶ። የዲፓርትመንታችን ማይክሮስኮፕ እኔ ስገባም ስመረቅም "ሊጠገን ነው" ይባል ነበር።

ፎቶ እንኳን ሳላነሳ አለቃዬን ልጠራ ሮጥኩ። ጎንበስ ብሎ አየና "ቆሻሻ ነው። እንደገና ፖሊሽ አድርጊው፣ ያላ!" አለኝ።

ቆሻሻ እንዳልሆነ ልነግረው አፌን ስከፍት የወጣው "እሺ" ነው።

ሦስት ደቂቃ ፊቱን እየፋቅኩ ፖሊሽ አደረግኩት። ተመልሼ ሳየው ምንም የለም።

"አሁን ጥሩ ነው" አለኝ።

ይሄን የምጽፈው አል ናህዳ መንገድ ተዘግቶብን አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው። ያን አበባ ሁለተኛ የማየው አይመስለኝም።

እናንተስ? "እሺ" ብላችሁ በገዛ እጃችሁ ያጠፋችሁት ነገር ካለ ጻፉልኝ። እኔ ጥፍሬ ስር የቀረውን ግራጫ ብናኝ እያየሁ ነው። እስካሁን አልታጠብኩም።