የሲስተር ወለተሩፋኤል ተነሽና ወዳቂ

ጎንደር ውስጥ ከሩቅ የሚሰማ ነገር ሁለት ነው፤ አንዱ የደብር ደወል፣ ሌላው የሲስተር ወለተሩፋኤል ድምፅ። ደወሉ እንኳ ሲያርፍ ያርፋል። እሷ ግን በቀዶ ጥገናው ክፍል ቆማ “እጅ ታጠቡ!” ያለች እንደሆነ፣ አራዳ ያለው ፀጉር አስተካካይ መቀሱን አስቀምጦ ወደ ቧንቧ ይሮጣል ይባላል። ሄጄ ጠየቅሁት። “የሰው ወሬ ነው፤ የታጠብሁት አንድ ቀን ብቻ ነው” አለኝ።

ድምፁን ያወረሷት አባቷ ናቸው። የኔታ ሐብተ ማርያም የንባብ ቤት መምህር ነበሩ። የግእዝ ንባብ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር፤ ፊደል መልቀም ብቻውን ማንበብ አይደለም። ተነሽ የሚባል አለ፣ ድምፅን ሽቅብ የሚያወጣ፤ ወዳቂ የሚባል አለ፣ ቁልቁል የሚያወርድ። ተነሹን ወዳቂ አድርጎ ያነበበ ተማሪ፣ በየኔታ ዘንድ የሰው በሬ ቢሰርቅ ይሻለው ነበር። ሴት ልጅ ከተማሪ ጋር አትቀመጥምና ወለተሩፋኤል ከአጥር ማዶ ምስር እየለቀመች ትሰማ ነበር። አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ ንባቡን ሲያበላሽ አላስችል ብሏት “ወዳቂ ነው!” ብላ ጮኸች። ተማሪው የተሰደበ መስሎት “ማነው ወዳቂ?” ብሎ አጥሩን ሊዘል ሲል ቁምጣው እሾህ ላይ ቀረ። የኔታ “እንግዲህ አንብቦ ያልገባው ወድቆ ገባው” አሉ ይባላል።

ይህች ልጅ ናት አድጋ ነርስ የሆነችው። ነጭ ቆብ ብትደፋም ንባብ ቤቱ ከውስጧ አልወጣም። ባለ መስመር ደብተር አላት፤ በየበሽተኛው ስም ፊት የልብ ምቱን፣ ትኩሳቱንና የደሙን ቁጥር ትጽፋለች። ከዚያ ከቁጥሩ ራስ ላይ፣ ልክ በአባቷ የንባብ መጽሐፍ እንዳየችው፣ ምልክት ታደርጋለች፤ ተነሽ ወይም ወዳቂ። ሌሎቹ ነርሶች “የኔታ ሲስተር” እያሉ ያሾፉባታል። እሷም “ቁጥር ብቻውን ዲዳ ነው። አጠገቡ ትናንትን ስታስቀምጪለት ነው የሚናገረው” ትላለች። ይህን ስትናገር ዲዳ ቁጥር ቀርቶ ግድግዳውም የሚናገር ይመስላል።

ነገሬ የሆነው በ1955 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ ነው። አያ ቢያዝን የሚባል የደምቢያ፣ የኮላ ድባ ገበሬ በቅሎው ግራ ጎኑን ረግጣው ወደ ሆስፒታል መጣ። በምን መጣ ቢሉ በዚያችው በበቅሎዋ። ልጓሟን ይዞ ያመጣው የሚስቱ ወንድም ወልደ ዮሐንስ ነው። አያ ቢያዝን አልጋ ሰባት ላይ ተኛ፤ ተኝቶም ስለ ጎኑ ሳይሆን ስለ ጤፉ ያወራ ጀመር። አጨዳ ደርሶበታል።

ዶክተሩ ፈረንጅ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ አማርኛው ግን የተማረው ከነርሶች ብቻ በመሆኑ ሰውን ሁሉ በሴት አንቀጽ ነው የሚያናግረው። አንድ ጊዜ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የደረሰ ቀኛዝማች “ልብስሽን አውልቂና ተኚ” ሲባሉ ሽጉጣቸውን ፈልገው ያጡት ሲገቡ በር ላይ ለዘበኛ አስረክበውት ስለነበር ነው።

“አንቺ አያ ቢያዝን፣ ሂጂ ላቦራቶሪ፣ ደም ስጪ” አለው ዶክተሩ። የላቦራቶሪ ማዘዣ ወረቀት አልቆ ነበርና በሽተኛ የሚላከው እንዲሁ በቃል ነው። አያ ቢያዝንም ሄደ። በነጋታውም ሄደ። በሦስተኛውም ቀን ማለዳ ሄደ። ወረቀቱ ግን አንድም ቀን አልተመለሰም።

በሦስተኛው ቀን ዶክተሩ አልጋ ሰባት ጋ ቆመ።

“እንዴት አደርሽ?”

“ሸጋ ነኝ። ይቺ ግራ ትከሻዬ ናት እንጂ የምትነዘንዘኝ።”

“በቅሎ ትከሻ መታችሽ?”

“ኧረ ጎኔን ነው! የረገጠችኝ እዚህ፣ የሚያመኝ እዚያ። ትራሳችሁ ነው፤ ድንጋይ ነው። ምነው ቤቴ ብትለቁኝ? ጤፌ ረገፈ እኮ።”

ዶክተሩ ሆዱን ዳሰሰ። አያ ቢያዝን ጥርሱን ነክሶ “ሸጋ፣ ሸጋ” አለ። ለጤፍ ሲል የሚዋሽ ገበሬን የሚችል ዶክተር አልተወለደም። “የደም ወረቀት የት አለች?” ብሎ ጠየቀ ዶክተሩ።

“አልመጣም” አለች ወለተሩፋኤል። “ግን ዶክተር፣ የልብ ምቱን እይልኝ። መጀመሪያ ቀን ሰማንያ አራት፣ ትናንት መቶ፣ ዛሬ መቶ አሥራ ስድስት። ተነሽ ነው።”

“ቤቷ የምትሄድ ሰው ደስ ይላታል፤ ልብ ይመታል” አለና ፈረመ። “ሂጂ፣ አያ ቢያዝን!”

እሷ ግን ቆማ ቀረች። ምት እንዲህ ሽቅብ ሲወጣ አንድ ነገር ቁልቁል እየወረደ መሆን አለበት። ምንድን ነው የሚወርደው? ወደ ጠረጴዛዋ ሄዳ መሳቢያውን ሳበችው። እዚያ ውስጥ ባለቤት ያጡ ወረቀቶች ይጣላሉ፤ ላቦራቶሪው የሚልካቸው፣ በክፍሉ ግን ስማቸው የማይታወቅ በሽተኞች ወረቀት። ሦስት አገኘች። አላምረው፣ ሔሞግሎቢን አሥራ ሁለት፤ የሰኞ። ሐዲስ፣ አሥር፤ የማክሰኞ። ወልደ ዮሐንስ፣ ስምንት፤ የዛሬ ማለዳ። ሔሞግሎቢን የሚሉት የደምን ብርታት የሚለካውን ቁጥር ነው። ሦስቱ ሰዎች በሦስት ቀን እንደ ደረጃ ተሰልፈው ይወርዳሉ። በክፍሉ ደግሞ ሦስት ጊዜ ደም ሰጥቶ አንድም ወረቀት ያልመጣለት ሰው አለ።

ወረቀቱን ጨብጣ ወደ ላቦራቶሪ በረረች።

የላቦራቶሪው ባለሙያ አቶ አለነ ማጉያ መነጽሩ ላይ ተደፍቷል። ይህ ሰው ነጭ የሥራ ካፖርቱን በስታርች አድርቆ ስለሚለብሰው፣ እሱ ለምሳ ሲወጣ ካፖርቱ ብቻውን ቆሞ ሥራውን ይጠብቅለታል።

“አቶ አለነ! እነዚህ ሦስት ሰዎች ምን ይመስላሉ?”

“የትኞቹ ሰዎች?”

“አላምረው፣ ሐዲስ፣ ወልደ ዮሐንስ!”

“ሲስተር፣ እኔ የሰው ፊት አላይም” አለ በኩራት። “ፊት ይዋሻል፣ ደም አይዋሽም። እኔ የማየው ጣት ነው።”

“እሺ ጣታቸው!”

አለነ አሰበ። “እንዴ፣ እሱስ የሚገርም ነው። ሦስቱም የግራ ቀለበት ጣታቸው ላይ የማጭድ ጠባሳ አለ። የደምቢያ ሰው አጨዳ ላይ ችኩል ነው ብዬ…”

“ሦስቱም አንድ ጣት?”

“አንድ ጣት… አንድ ቦታ…” የአለነ አፍ ተከፍቶ ቀረ። “ታዲያ ሦስት ስም አንድ አካል ነው ልትዪኝ ነው?”

“ሥላሴን አትንካ፣ ተነሣና ተከተለኝ!”

በዚያ ቀን ሲስተር ወለተሩፋኤል ከላቦራቶሪ እስከ በር ስትሮጥ የተነሣው አቧራ እንፍራንዝ ድረስ ታይቷል፤ ያላየ እንፍራንዜ ቢኖር ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ነው። በሩ ላይ አያ ቢያዝን አንድ እግሩን እርካብ ላይ አድርጓል። ልጓሙን አማቹ ወልደ ዮሐንስ ይዟል።

“አያ አላምረው!” ብላ ጮኸች።

አያ ቢያዝን እንደ ነብር ዞረ። “የት አለ ያ ድንበር ገፊ?”

“አያ ሐዲስ!”

“እሱ በሐሰት የመሰከረብኝም መጥቷል?”

“ወልደ ዮሐንስ!”

“አቤት” አለ አማቹ ልጓሙን እንደያዘ።

ደርሳ የአያ ቢያዝንን ግራ እጅ አፈፍ አደረገችው። ከማጭዱ ጠባሳ አጠገብ ሦስት የመርፌ ነጥብ ተደርድሯል። የታችኛውን የዓይኑን ቆብ ገለጠችው፤ ውስጡ እርጎ መስሏል።

“አያ ቢያዝን፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ለምን በሰው ስም ደም ሰጡ?”

አያ ቢያዝን ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ደምና ስም አንድ እጅ ከገባ ድግምተኛ ሌላ ምን ይፈልጋል? ደሜን ከሰጠሁ ስሜን አልሰጥም። መጥፎም ከመጣ ለሚገባው ይምጣ ብዬ ለጠላቶቼ አደልሁት።”

“ለጠላቶችህ?” አለ አማቹ። “ታዲያ የእኔ ስም እዚያ ምን ይሠራል?”

“ሁለቱ አለቁብኝ። አንተ ደሞ ጎበዝ ነህ፤ ትችለዋለህ ብዬ ነው።”

“እህቴን ሰጥቼህ! በቅሎ ስቤልህ! ድግምት ልትጭንብኝ?”

“ዝም በሉ ሁለታችሁም!” አለች ወለተሩፋኤል፤ በቅሎዋም ጭምር ጆሮዋን ጣለች። “አሥራ ሁለት፣ አሥር፣ ስምንት። ሆድዎ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው። ይኸው ንባቡ፤ ወዳቂ፣ ወዳቂ፣ ወዳቂ!”

“ማነው ወዳቂ?” አለ አያ ቢያዝን በቁጣ። “ቢያዝንን የሚያህል ወንድ ወዳቂ? እይልኝ እንግዲህ!” ብሎ ኮርቻው ላይ ሊወጣ ራሱን አነሣ። ተነሣም። ከዚያ ከንፈሩ ነጣ፣ ዓይኑ ዞረ፣ በአለነ ካፖርት ላይም ዘፍ አለ። ካፖርቱ ያን ቀን ብቻ ታጠፈ ይላሉ።

ዶክተሩ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ሲያያቸው ግንባሩን በጥፊ መታ። “እኔ አህያ ነሽ!” አለ። “ትከሻ! ጣፊያ ተሰንጥቃ ደም ስታፈስ፣ ደሙ ከሳንባ በታች ሲጠራቀም፣ የሚያመው ትከሻ ነው! ፍጠኑ! ደም! ማነች ደም የምትሰጥ?”

በሩ ላይ ያለው ወልደ ዮሐንስ ብቻ ነው። እጁን አጣጥፎ ቆሟል። “ስሜን ወሰደ፤ አሁን ደግሞ ደሜን?”

“ስምዎን የወሰደው ሳይጠይቅ ነው” አለችው ወለተሩፋኤል። “እኔ ግን እየጠየቅሁዎት ነው። ለእህትዎ ምን ብለው ይነግሯታል?”

ወልደ ዮሐንስ ለአፍታ በቅሎዋን አያት። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ። “እሺ። ግን ጠርሙሱ ላይ የእኔን ስም ጻፉ። አንድ ጊዜ እንኳ በእውነት ይጻፍ።”

ደማቸው ገጠመ። አቶ አለነ ጠርሙሱን ይዞ አልጋው አጠገብ መጣና፣ በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጎንበስ ብሎ የበሽተኛውን ፊት አየ። ወለተሩፋኤል ናት አንገቱን ይዛ ያጎነበሰችው። “ለማን እንደሚሰጥ እዚህም ይጻፍ” አለች። “አያ ቢያዝን፣ እውነተኛ ስምዎ? ድግምት ከፈሩ…”

አያ ቢያዝን በዚያ ድካሙ ዓይኑን ገለጠ። “ስትወስዱ ነው እንጂ ስትሰጡኝማ ምን እፈራለሁ! ቢያዝን ዳኛው። የኮላ ድባው። የግራ ጣቱ ጠባሳ ያለበት። አጥርታችሁ ጻፉት፤ ለሌላ ቢያዝን እንዳይሄድብኝ!”

ዶክተሩ ሆዱን ሲከፍተው ጣፊያው እንዳለው ተሰንጥቆ ነበር። የፈሰሰውን ደም የለካው ሰው በሊትር ነገረን፤ አራዳ ሲደርስ በእንስራ ሆኗል፤ አሁን ሳወራው ወደ ጣና ሊገባ ስለሆነ ልተወው። ጣፊያው ወጣ፣ ሆዱ ተሰፋ። ወልደ ዮሐንስ በሩ ላይ ተቀምጦ ለወጣ ለገባው ሁሉ “ውስጥ ያለው ደም የእኔ ነው፤ በደንብ ይያዝ” ሲል ዋለ።

በነጋታው ማለዳ ወለተሩፋኤል አልጋ ሰባት አጠገብ ወንበር ላይ ደብተሯን ታቅፋ ተቀምጣለች። የልብ ምቱ ዘጠና ስድስት፤ ወዳቂ ብላ ምልክት አድርጋለች። ይህ ወዳቂ ደስ የሚል ነው፤ ግን ብቻውን አላመነችውም፤ የደሙን ቁጥር ትጠብቃለች። እንዲህ ስትጠብቅ በሩ ተበርግዶ ተከፈተና አቶ አለነ ወረቀቱን እንደ ባንዲራ እያውለበለበ ገባ።

“ሲስተር! ዘጠኝ ተኩል! ተነሽ!”

ከወንበሩ ዘላ ተነሣች። “እኔን ነው ቁጥሩን?”

“ሁለታችሁንም!” አለ፤ እንዲህ ያለ ሳቅ ከዚያ ካፖርት ውስጥ ወጥቶ አያውቅም። “ፊቱንም አይቼዋለሁ። ራሱ ነው!”

በማግስቱ አሥር ሆነ። ዶክተሩ አልጋው ጋ መጥቶ ወረቀቱን አየ፣ ደብተሯን አየ፣ ከራሱ ብዕር አውጥቶ ከአሥሩ ራስ ላይ ምልክቱን በእጁ አደረገላት። ከዚያ በሽተኛው እግሩን እንዲያፍታታ ፈልጎ አያ ቢያዝንን በእጁ ያዘና እንደ ልማዱ በሴት አንቀጽ ጮኸ፦

“ተነሽ!”

በክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞር አለ። አማርኛውን ያረመው ግን ማንም የለም። አያ ቢያዝንም ሆዱን ደግፎ፣ አንድ እጁን ለአማቹ ሰጥቶ፣ ተነሣ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ኮላ ድባ ሄደ። ጤፉን ጎረቤት አጭዶለት ነበር፤ ወልደ ዮሐንስ እንደነገረን ከአጫጆቹ ፊት የቆመው ያው ድንበር ገፊው አላምረው ነው። ከዚያ ወዲህ በክፍሉ ከበሽተኛ ጋር የአልጋው ቁጥር ካልተላከ አቶ አለነ መርፌ አያነሣም፤ ፊት አይቶ፣ ስም ጠይቆ፣ ከዚያ ነው ጣት የሚይዘው።

በወሩ መጨረሻ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ደብተር አመሳክሮ ወደ ወለተሩፋኤል መጣ። ግራ ገብቶታል። “ሲስተር፣ በላቦራቶሪው መዝገብ ላይ ወልደ ዮሐንስ ደም ሰጥቷል፤ እሱስ ይሁን። አላምረውና ሐዲስ የሚባሉ ሁለት በሽተኞች ግን ገብተዋል፣ ሲወጡ አልተጻፈም። ሞቱ ወይስ ዳኑ?”

“ድነዋል” አለችው ከደብተሯ ቀና ሳትል።

“ታዲያ በምን ሄዱ?”

“ከአያ ቢያዝን ጋር፣ በአንድ በቅሎ።”