ባሻ ውብነህና የሮቤው ነጎድጓድ

በጎባ፣ በሮቤ፣ በጊኒርም ላላችሁ፣ ባሻ ውብነህን ለምታውቁ ሁሉ። የደጃዝማቹ የነጋሪት አለቃ የነበሩት፣ ኋላም በኮርቻ ሰፊነት የኖሩት ባሻ ውብነህ፣ ሐሙስ ማለዳ ጎባ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። ሳል ሦስት ሳምንት አንገላታቸው። ድምፃቸው ከጠፋ በኋላ እንኳ ጣቶቻቸው የአልጋውን ጠርዝ መምታት አላቆሙም፤ ቄሱ ሊያናዝዟቸው መጥተው «ባሻ፣ አሁንስ ይረጋጉ» ቢሏቸው፣ እጃቸውን ብርድ ልብስ ውስጥ ከተው እዚያው መምታታቸውን ቀጠሉ።

እኔ የደጃዝማቹ ግቢ ጸሐፊ ነበርሁ። ከመንዝ በአንድ ጦር መጥተን፣ ጎባ ላይ አጥር ለአጥር ቤት ሠርተናል። ስለ እሳቸው የምጽፈው እኔ ከሆንሁ ደግሞ የራሴንም ጥፋት ሳልደብቅ መጻፍ አለብኝ።

ያን ጊዜ ጎባ ሰፈር እንጂ ከተማ አልነበረችም። ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ብርድ ድንኳኑን ሲነቅለው እያደረ፣ ቀን ቀን ጥድ እየቆረጥን ቤት እንሠራ ነበር። ለእያንዳንዳችን ገባር ተሰጥቶን በሰው ማሳ በሰው ላብ እንበላለን። ባሻም እንደኛው ነበሩ። ሥራቸው አዋጅ በወጣ ቁጥር ረቡዕ ሮቤ ገበያ ወርደው ነጋሪት ማስመታት ነው። አዋጁ መልካም ወሬ ይዞ አያውቅም፤ ወይ ከብት አምጡ ነው፣ ወይ እህል አግቡ ነው፣ ወይ ሸክም ተሸከሙ ነው። ስለዚህ ነጋሪቱ ገና «ድም» ሲል ገበያተኛው ቅቤውን ታቅፎ፣ ገብሱን ተሸክሞ ይበተናል።

አንድ ረቡዕ አንዲት አሮጊት ሲሸሹ ወደቁ። ባሻ ከበቅሏቸው ወርደው ሊያነሷቸው እጃቸውን ዘረጉ። አሮጊቷ በባሻ ሌላ እጅ ያለውን የነጋሪት መምቻ ሲያዩ ክንዳቸውን ነጥቀው፣ በጉልበታቸው እየዳኹ ራቁ። ጎባ ደርሰን ከበቅሎ ሲወርዱ ባሻ ወደ እኔ ዞረው፣ «ወንድሜ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ተምሬ የተካንሁት ሰው ማባረር ነው?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ የማይችሉ ሰው ሆኑ። ማዕድ ላይ ተነሥተው ይወጣሉ፤ ቅዳሴ ላይ መሬቱን በእግራቸው ጣት ይመታሉ። በዚህ መካከል ወደ ሼክ ሁሴን መቃብር የሚጓዙ ምእመናን ድቤ ከበሯቸውን እየመቱ፣ እየዘመሩ በጎባ በኩል አለፉ። ባሻ የያዙትን ጠፍር ጥለው ተከተሏቸው። የተመለሱት በማግስቱ ነው፤ ከድቤ መቺዎቹ መሪ ከኦቦ አወል ጋር ተዋውቀው መጡ። አወል ረጅም፣ ሳቂታ የሮቤ ገበሬ ነበር። መጀመሪያ የነገራቸውን ራሳቸው ደጋግመው ያወሩልን ነበር። «ባሻ ኮ፣ ባሻዬ፣ የአንተ ከበሮ ሲመታ እናቴ በጓን ትደብቃለች። የእኔ ሲመታ ግን ጫማዋን ትፈልጋለች» ነበር ያላቸው።

ሁለቱ ከዚያ ክረምት ጀምሮ አልተለያዩም። ባሻ ሃረና ጫካ ድረስ ወርደው ለእምቢልታ የሚሆን ወፍራም ቀርከሃ ቆርጠው መጡ። አወል የበሬ ቀንድ የሚነፉ እረኞችና ድቤ መቺዎችን ሰበሰበ። ባሻ ከእኛ ወገን አሥራ ሁለት ነጋሪትና መለከተኞቹን አሰለፉ። ከጎባ ወጣ ብሎ ባለው ሸለቆ ሲለማመዱ ከርመው ፈረሶቻችንን አስበረገጉ። የደብራችን ደብተራ «ይህ ዜማ አይደለም፣ ጦርነት ነው!» እያሉ ሲከሱ፣ ባሻ «ደብተራ፣ ጦርነቱንማ ጨርሰን ነው የመጣነው። ይህ ሌላ ነው» ብለው መለሱላቸው።

ነጋሪት የመንግሥት ድምፅ ነውና ያለ ፈቃድ አይመታም። ደጃዝማቹ ወደ ላይ አገር ሄደው ስለነበር፣ ባሻ እንደራሴያቸውን ፈቃድ ለመኑ፤ አልተሰጣቸውም። በተከታዩ ረቡዕ ግን ሁሉንም ይዘው ሮቤ ወረዱ። እኔም አብሬ ነበርሁ።

ነጋሪቶቹ ከበቅሎ ሲወርዱ ገበያው እንደ ልማዱ መበተን ጀመረ። ባሻ ነጋሪት አላስመቱም። ሦስት እምቢልታዎች ብቻ ቀጠን ብለው ተጠራሩ። የሚሸሸው ሰው ፍጥነቱን ቀነሰ። ቀንዶቹ ከታች አጓሩ፤ ድቤው ገባ፤ በሼክ ሁሴን መንገድ የሚሰማውን አመታት የሚያውቁ ሴቶች ዞር አሉ። መለከቶቹ ጮኹ። ከዚያ ባሻ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው ሲያወርዷቸው አሥራ ሁለቱ ነጋሪቶች በአንድነት ፈነዱ።

ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊትም በኋላም አልሰማሁም። መሬቱ ከእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ጥርሴ ተንገጫገጨ። ማሰሮ ተሰበረ፣ አህያ ማሰሪያውን በጥሶ ሄደ፣ ባለቤቱ ግን አላየውም፤ ሰው ሁሉ ተመልሶ እየሮጠ ነበር፣ አሁን ግን ወደ እኛ። ሽማግሌዎች በትራቸውን ወደ ላይ እየወረወሩ ይቀልቡ ነበር። ሴቶች እልልታውን ከመለከቱ በላይ ሊያወጡት ተፎካከሩ። ወታደሩና ገባሩ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ሲዘሉ አየሁ፤ ማን የማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ከሳሻችን ደብተራ መቋሚያቸውን በጭቃ ላይ ሲመቱ ነጠላቸው ወድቆ ነበር። ሲያበቃ ገበያው በሙሉ «አማስ! አማስ!» እያለ ጮኸ፤ እንደገና ማለታቸው ነው። አራት ጊዜ ተመታ። አራተኛው ላይ ባሻ ራሳቸው አንዱን ነጋሪት በባዶ እጃቸው ሲመቱ፣ መዳፋቸው ደምቶ እየሳቁ ያለቅሱ ነበር። ሕዝቡም ያን ጩኸት «በከካ» ብሎ ሰየመው፤ ነጎድጓድ ማለት ነው።

እንደራሴው ይቆጣሉ ብለን ስንፈራ፣ አስጠርተው አመሰገኗቸው። «ሌላው ሲጠራው የሚሸሸውን ሕዝብ አንተ ሰበሰብህልኝ። በሚመጣው ረቡዕ ድገመው» አሏቸው። ባሻ በደስታ ወጡ። እኔ ግን እዚያው ቀርቼ፣ እንደራሴው እየነገሩኝ ለፈረሰኞች አለቃ ትእዛዝ ጻፍሁ። ሰው በከካን ሊሰማ ሲሰበሰብ ፈረሰኛው ከጉብታው ጀርባ ወጥቶ ይክበብ፤ ጎልማሳውን ሁሉ ለሩቅ ዘመቻ ሸክም ይያዝ ይላል። በገዛ እጄ ጻፍሁት፣ አሸግሁት፣ ላክሁት። አምስት ቀን ዝም አልሁ፤ ለእንጀራዬ ፈራሁ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ግን አላስችል ብሎኝ ቤታቸው ሄጄ የታሰበውን ነገርኋቸው። ባሻ ተነሥተው ቤቱን ዞሩ፣ ተቀመጡ፣ እንደገና ተነሡ። «ብቀርስ?» አሉ።

«ሌላ ሰው ያስመታዋል።»

«ለአወል መልእክት ብልክስ?»

«መንገዱ ተይዟል፣ ባሻ።»

«እንግዲያው እኔው እሄዳለሁ» አሉ፤ ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡ ግን አልነገሩኝም።

ረቡዕ ሕዝቡ ከማለዳ ጀምሮ ሞልቶ ነበር። ከሩቁ ብድሬ ድረስ የመጣ ነበር፤ ሕፃን በትከሻው የያዘ፣ አይነ ስውር አባቱን የመራ። ሁሉም ይቁነጠነጣል፤ «መቼ ነው? መቼ ነው?» ይላል። አወልም ድቤውን ታጥቆ ቆሟል። ባሻ እጃቸውን አነሡ፤ ሕዝቡ ወደፊት ተጠጋ። መምቻውን ራሳቸው ተቀብለው የድሮውን መቱ፤ ያንን ከብት አምጡ፣ እህል አግቡ የሚለውን የአዋጅ አመታት፤ ድም፣ ድም፣ ድም።

ሰው መጀመሪያ አልገባውም። እየሳቀ በከካን ጠበቀ። ባሻ ፊታቸው ጠቁሮ፣ ላብ አጥምቋቸው፣ አሁንም ያንኑ መቱ። አወል አያቸው፤ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ድቤውን መሬት ላይ ጥሎ በኦሮምኛ «ሩጡ!» ብሎ ጮኸ። ፈረሰኞቹ ከጉብታው ሲወጡ ገበያው ባዶ ሆኖ ነበር፤ የተያዙት ጥቂት ናቸው። ስለ እነዚያ ጥቂቶች ባሻ እስከ ዕለተ ሞታቸው ይጸልዩ ነበር።

ባሻ በጎባ አደባባይ ተገረፉ፤ ርስታቸው ተነጠቀ፣ ነጋሪት እንዳይነኩም ታዘዘባቸው። ማን እንደነገራቸው ቢጠየቁ «ነጋሪቱ» አሉ እንጂ ስሜን አልጠሩም። እኔ በሥራዬ ቆየሁ።

ከዚያ ወዲያ ኮርቻ እየሰፉ ኖሩ። የድሀ ፈረስ ጀርባ እንዳይቆስል ሌሊሳውን፣ ከኮርቻ ሥር የሚገባውን ትራስ፣ ያለ ዋጋ ይሞሉ ነበር። በከካ ዳግም አልተመታም። ሰው ግን አልተዋቸውም፤ ከሮቤ የሚመጣ ሁሉ በአጥራቸው ላይ ተንጠልጥሎ «ባሻ፣ አንዴ ብቻ!» ይላቸዋል። «ጆሮ ያለው አገር ከበሮ አያጣም፤ ሂዱና ራሳችሁ ምቱት» ይሉ ነበር።

ዓርብ ስንቀብራቸው ከነጋሪት ቤቱ ማንም አልመጣም። አወል ግን ሽበታም ሆኖ፣ የሮቤን ሰው አስከትሎ መጥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆመ። ከበሮ የያዘ አልነበረም። አፈሩ ሲመለስ ከአጥሩ ውጭ አንድ ሰው በእግሩ መሬቱን መታ፤ አጠገቡ ያለው ተቀበለው፤ ከዚያ ሁሉም። እኛም ከውስጥ ተቀበልን። ቄሶቹም አልከለከሉንም።

ባሻ፣ ጌታዬ፣ ፊት ለፊት ሳልነግርዎ የቀረሁትን አሁን ልንገርዎ። ያን ትእዛዝ የጻፍሁት እኔ ነኝ። አውቀው ዝም ብለውኝ ይሆናል፤ አላውቅም። ይቅር ይበሉኝ። በሄዱበት ሁሉ ሰው ወደ ድምፅዎ ይሩጥ። ነፍስዎን ይማር እላለሁ፤ ይረፉ ለማለት ግን አልደፍርም፣ ዕረፍት የሚወዱ ሰው አልነበሩምና።