የለፋፊው ስልክ

ጋሽ ዱቤን ሰፈሩ የሚያውቃቸው በጥሩምባቸው ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የዕድራችን አባል ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነስተው በየብሎኩ እየዞሩ ይነፋሉ፤ ከዚያ ማን እንደሞተና ቀብሩ የት እንደሆነ በወፍራም ድምፃቸው ይለፍፋሉ። ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊትም የመንደሩ ለፋፊ እሳቸው ነበሩ። ያኔ ገበሬ ነበሩ። የእኔ ብሎክ የቆመው እሳቸው ሽምብራ ይዘሩበት በነበረ መሬት ላይ ነው። ይህን ሲነግሩኝ "ሽምብራውም ጥሩ ነበር፣ አንቺም ደህና ነሽ" ብለው ሳቁብኝ።

ዓምና ተከራዮች ጥሩምባው ሕፃናት ይቀሰቅሳል ብለው አመለከቱ። የዕድሩ ሰብሳቢ አቶ ገብረትንሣኤ ቦሌ ካርጎ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸው። ከእንግዲህ ልፈፋው በቴሌግራም ይሁን አሉ። ጋሽ ዱቤ በሁለት ወር ውስጥ ስልክ ከለመዱ ሥራው የእሳቸው ሆኖ ይቀጥላል፤ ካልለመዱ ለሌላ ይሰጣል። ጋሽ ዱቤ ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጆቻቸው ርቀዋል፣ መሬቱም ሄዷል። የቀረቻቸው ይህች ደሞዝ የሌላት ሥራ ናት። ሰው ሲያያቸው ከመቀመጫው የሚነሳላቸው ግን በእሷ ነው።

እኔ ዕፀገነት እባላለሁ። ጉርድ ሾላ አንድ የስልክ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ በዕድሩ አዳራሽ ለትልልቅ ሰዎች የኢንተርኔት አጠቃቀም አስተምራለሁ። የማስተምረው በነፃ ነው። ይህን የማወራው ለመመስገን ብዬ እንደሆነ አልደብቅም፤ ሰፈሩም "የተባረክሽ" ይለኛል። ትዕግሥት ግን አልፈጠረብኝም። አንዱ የይለፍ ቃሉን ይረሳል፣ አንዷ ፎቶ በነካች ቁጥር "ጠፋ እንዴ?" ትላለች። የጋሽ ዱቤ ጣት ደግሞ በሥራ ስለደነደነ ስክሪኑ አይሰማላቸውም፤ ምራቅ ነካ አድርገው ነው የሚጫኑት። በሆዴ እበሽቃለሁ፤ አንዳንዴ በአፌም ያመልጠኛል።

መጻፍ ስለሚከብዳቸው ድምፅ መላክ አስተማርኳቸው። ይህን ወደዱት። ማይክራፎኗን ተጭነው ሲናገሩ ጥሩምባ እንደያዙ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ችግሩ ዕድሩ ሁለት ግሩፕ አለው፤ አንዱ ከሁለት መቶ በላይ አባላት ያሉበት፣ ሌላው አምስት የኮሚቴ ሰዎች ብቻ ያሉበት። የሁለቱም ፎቶ ያው የዕድሩ ማኅተም ነው። ስማቸው ረጅም ስለሆነ ስልኩ ላይ ተቆርጦ አንድ ዓይነት ሆኖ ይታያል። ጋሽ ዱቤ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ የቱ የቱ እንደሆነ ጠየቁኝ።

በአራተኛው ቅዳሜ ስልኩን ከእጃቸው ላይ ነጠቅኳቸው። ነጠቅኳቸው ነው የምለው፣ ሌላ ስም የለውም። የአባላቱን ግሩፕ ሁልጊዜ ከላይ እንዲቆይ ፒን አደረግኩና "በቃ፣ ከላይ ያለውን ብቻ ይጫኑ፤ ሌላ ነገር አይንኩ" አልኳቸው።

"ለኮሚቴው ብቻ መንገር ስፈልግስ፣ ልጄ?"

"እሱን ሌላ ቀን እናየዋለን። ከላይ ያለውን ይጫኑ አልኩ እኮ፣ ጋሽ ዱቤ።"

ክፍሉ ሳቀ። እሳቸውም አብረው ሳቁና ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። ያ ሌላ ቀን አልመጣም፤ ረሳሁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በትምህርት መሃል ስልካቸው ጠራ። ይቅርታ ጠይቀው ወደ ውጭ ወጡ። ጥቂት ቆይቶ ክፍሉ ውስጥ ያለው ስልክ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጮኸ፤ ከጋሽ ዱቤ የተላከ ድምፅ ነው። ተማሪዬ ከግቢ ሆኖ መልእክት ላከልኝ ብዬ ደረቴ ተነፋ። ወደ እትዬ አሰጋሽ ዞርኩ። ጎበዟ ተማሪዬ እሷ ናት፤ ከጋሽ ዱቤ ጋር የአንድ መንደር ሰዎች ናቸው።

"እትዬ አሰጋሽ፣ ድምፁን ከፍ አድርገው ይክፈቱትና ለሁላችን ያሰሙን" አልኩ።

ከፈተችው።

"ኮሚቴዎች፣ ዱቤ ነኝ። የአሰጋሽ ወንድም፣ ሰንዳፋ ያለው ጉቱ፣ ዛሬ ጠዋት አርፏል። እሷ አልሰማችም። አሁን አንድ ክፍል ውስጥ ነን፣ ፊቴን እንዳታነብብኝ ፈርቻለሁ። ነገ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበን እናረዳታለን። እስከዚያ ከማንም አፍ እንዳይወጣ፣ አደራ።"

እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌዎች ይመርጣሉ፣ የሚደግፏት ሴቶች ይጠራሉ፣ እህል እንድትቀምስ፣ ሌሊቱንም እንድትተኛ ይደረጋል፤ ከዚያ ነው በማለዳ በሯ የሚንኳኳው። ጋሽ ዱቤ ያን ሁሉ ሊያደርጉላት ነበር የላኩት፤ የተጫኑት ግን እንዳልኳቸው ከላይ ያለውን ነው። እትዬ አሰጋሽ ስልኩን አየችው፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ። "መምህርት፣ ምንድነው የሚለው?" አለችኝ። ከዚያ ጮኸች፤ ሴቶቹ ደርሰው ያዟት።

በዚያው ቅጽበት ጋሽ ዱቤ ገቡ። ፊታቸውን በውሃ ታጥበው፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ፈገግ ለማለት እየሞከሩ ነበር። ጩኸቱን ሲሰሙ በሩ ላይ ቆሙ። ስልካቸውን አዩት፤ እኔን ግን አላዩኝም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

በለቅሶው ሰሞን ሰፈሩ ሌላ ወሬ አልነበረውም። "ለገበሬ ስልክ ማን ስጡት አለ?" የሚል ነበር፣ "ጃጅተዋል" የሚል ነበር። ሱቅ ውስጥ ሲጠይቁኝ "አስተምሬያቸው ነበር፣ አልሰማ ብለውኝ ነው እንጂ" አልኩ። ይህን ውሸት በአፌ ተናግሬያለሁ፤ አሁንም ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል። ለቅሶ ቤት ስሄድ ጋሽ ዱቤ ድንኳኑ ጫፍ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ሰላም ስላቸው እንደ ወትሮው ተነስተው ተቀበሉኝ።

ከሰልስቱ በኋላ በነበረው እሑድ ዕድሩ ተሰበሰበ። አቶ ገብረትንሣኤ "አቶ ዱቤ፣ የሚሉት አለ?" ሲሉ ጋሽ ዱቤ ቆባቸውን አውልቀው ቆሙ።

"ጥፋቱ የኔ ነው። አርባ ዓመት መርዶ ስናገር ሰው አላስደነገጥኩም ነበር፤ አሰጋሽን አስደነገጥኳት። ለሌላ ስጡት" አሉና ተቀመጡ። ስሜን አላነሱም።

እጄን አነሳሁ። ሁሉንም ተናገርኩ። ስልካቸውን መንጠቄን፣ የአባላቱን ግሩፕ ከላይ ያደረግኩት እኔ መሆኔን፣ ስለ ኮሚቴው ሲጠይቁኝ አፋቸውን ማዘጋቴን፣ ድምፁን ይክፈቱት ያልኩትም እኔ መሆኔን። አንድም አላስቀረሁም። አሁን ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝም ይቀለኝ ነበር።

አቶ ገብረትንሣኤ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

"አያችሁ አስተዳደግ? ሽማግሌ እንዳያፍር ብላ የሌለባትን ጥፋት ስትሸከም። የተባረክሽ ልጅ ነሽ" አሉ። "እኔ የምለው፣ ልፈፋውንም ለምን ለእሷ አንሰጣትም?"

"የለም፣ እውነቴን ነው" ብል ይበቃ ነበር። ስልኩ እዚያው ጋሽ ዱቤ ኪስ ውስጥ ነበር፤ አውጥቼ ማሳየት እችል ነበር። እትዬ አሰጋሽ በጥቁር ልብሷ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ራሷን በአዎንታ እየነቀነቀች ነበር። አዳራሹ ማጨብጨብ ጀመረ። ጋሽ ዱቤም፣ እውነቱን ከማንም በላይ የሚያውቁት ሰው፣ አጨበጨቡ።

ጭብጨባው ደስ አለኝ። አመሰግናለሁ ብዬ ተቀመጥኩ።