ሬሳ ያልነበረው ለቅሶ

ልብስ ሰፊው ዓሊዪ አብዱራህማን ዝም ብሎ መስፋት አያውቅም። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ዳር ተቀምጦ የስፌት መኪናውን ፔዳል እየረገጠ አላፊ አግዳሚውን ይተርባል። የወፈረውን «ጨርቅ ጨምር»፣ የከሳውን «ምነው፣ ሚስትህ ኮበለለች?» ይላል። የማይተርበው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አጠገቡ የሚሰፋውን ኪዳነወልድን።

ሁለቱ አብሮ አደጎች ናቸው። አንድ ቀን ኪዳነወልድ ደንበኛ ፊት «ይሄ እጅጌ ተዛንፏል» አለው፤ በዚያው ተኳረፉ። ከዚያ ወዲህ መቀስ እንኳ የሚዋዋሱት በደንበኛ በኩል ሆነ፤ «እስቲ ለዚያ ሰውዬ መቀሴን መልስ በለው።» እጅ ለእጅ በሚያገናኝ ቦታ ተቀምጠው! እኛ ጎረቤቶቻቸው ለምነን ለምነን ሰለቸን። ዓሊዪ ለሰው «ደግ አደረገ፣ ይኩረፍ» ይበል እንጂ ሆዱ ተጎድቶ ነበር። «ብሞት እንኳ ደጄን አይረግጥም» ሲል ድምፁ ይሰበራል።

ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ መልስ ሱቁን ሳይከፍት ቤቱ ገባ። ልጁ ሪሃና ስልኳን ደቅና ጠበቀችው። ቲክቶክ ላይ አንድ ቻሌንጅ ተነስቷል፤ ሰው የራሱን ስም ጉግል ላይ ይፈልጋል፣ የሚያስደነግጥ ነገር ሲወጣለት ፊቱ ይቀረጻል።

«አባ፣ እስቲ ስምህን ጻፍ» አለችው።

ጻፈ። መጀመሪያ የወጣው «ወንድማችን ዓሊዪ አብዱራህማን ወደ አኼራ ሄዷል» የሚል ሆነ። ድሬዳዋ የሞተ ሞክሼው ነው።

«ያ አላህ! እኔ ሳልሰማ?» ብሎ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ከዚያ በሳቅ ፈነዳ። ሪሃና ሳቁን ቆርጣ ጽሑፉን ከፊቱ በላይ ለጠፈችና ለቀቀችው። ድምፁን ዘግቶ ያየ ሁሉ ያገኘው የዓሊዪን ፊትና የሐዘን ቃል ብቻ ነው። እሱ ግን ምኑንም ሳያውቅ ጋደም አለ።

የኛ አገር አፎቻ ደግሞ ቀድሞ ይደርሳል፣ በኋላ ይጠይቃል። ለሰርግም ለሐዘንም የሚሰበሰበው የሴቶቹ ማኅበር ከከሰዓቱ የዓስር ሶላት በፊት ድስት ተሸክሞ ግቢውን ሞላው። ዓሊዪ በሽርጡ ብቅ አለ።

«ማነው የሞተው?» አለ።

የአፎቻዋ መሪ ወይዘሮ ፋጡማ ጮኸች፤ ነፍሷ ሲመለስ ደግሞ በሻሿ ገረፈችው። «ያን ሁሉ ሩዝ ቀቅለን! አታፍርም?»

ሴቶቹ ገና ስቀው ሳይጨርሱ ከበሩ ላይ «ወንድሜን! ወንድሜን!» የሚል የወንድ ዋይታ ተሰማ። ኪዳነወልድ ነው። ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ከሱቁ ሮጦ መጥቷል። እንባው ጋርዶት ዓሊዪን አልፎ ሄደና ደጃፉ ላይ ዘጭ አለ። «ሳልታረቅህ!» እያለ ደረቱን ይደቃል።

ዓሊዪ ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ኪዳኔ» አለው ቀስ ብሎ።

ኪዳነወልድ ቀና ብሎ አየው፣ አማተበ፣ ዳሰሰው። ከዚያ በንዴት ገፈተረው። «አንተ ወስላታ! በማርያም፣ በቁሜ ልትገድለኝ ነው?»

«ወላሂ እኔ አልሞትኩም፤ ልጅቷ ናት የገደለችኝ» አለ ዓሊዪ። እሱም እያለቀሰ ነበር።

«ሁለተኛ ብትሞት አልመጣልህም!» አለ ኪዳነወልድ። ይህን ሲል የዓሊዪን አንገት በሁለት እጁ አቅፎ ነበር።