ዳዊት የመሰለው ንባብ

በዚያች የእስር ክፍል አራት ነበርን። አንዱ ከጣና ደሴት ገዳም የመጡ መሪጌታ ናቸው። ሁለተኛው የሐሙሲት ሰው፣ የጎንደርን መንገድ ሲመላለስበት የኖረ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ደረቱን ያመዋል። ሦስተኛው ከሩቅ አገር መጥቶ ባሕር ዳር ኮሌጅ የሚያስተምር ወጣት መምህር። አራተኛው እኔ ነኝ፤ የልጆች አባት፣ ትምህርት ቤት ገብቼ የማላውቅ። በሩ ላይ የሚቆመው ጠባቂም ከነገሩ አለበትና አምስተኛ ላድርገው።

እኔን የወሰዱኝ ቤቴ ምሳ ላይ ሳለሁ ነው። ስብሰባ ላይ በተናገርሁት ቃል ነው አሉኝ፤ የትኛው ቃል እንደሆነ አልነገሩኝም። ክፍሉ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ከጣራው ሥር ያለችውን ጠባብ መስኮት ነበር። ሐይቁ አይታይባትም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ግን የረጠበ ደንገል ሽታ ይገባባት ነበር።

ከጸሎት መጽሐፍ በቀር መጽሐፍ ማስገባት ክልክል ነው። ልጄ ግን አንድ ልብ ወለድ ሽፋኑን ገንጥላ፣ በፌስታል ጠቅልላ፣ ከምታመጣልኝ እንጀራ ሥር ላከችልኝ። ገና ባልመጣ ዘመን ሕዝቡን ስለሚያስጨንቅ አንድ ገዥ የተጻፈ ነው። ቀድሞ የወጣው መጽሐፍ ክፋቱን ይናገራል፤ ይኸኛው ወደኋላ ተመልሶ ወጣትነቱን።

ፊደል የቆጠርሁት ደብር ግቢ፣ ዳዊት እየደገምሁ ነው። የቀረውን በራሴ ለቀምሁት። ስለዚህ ምንም ነገር ባነብ ድምፄ ዳዊት ዳዊት ይላል። ሹፌሩ ይስቅብኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ለዚህ አረመኔ ገድል ጻፉለት እኮ።»

«ገድሉን ተወው» ይላሉ መሪጌታ። «ልጁን ማን አሳደገው? እሱን አንብብልን።»

እኔ መጀመሪያ መጽሐፉን አልወደድሁትም። ለጨካኝ ሰው እንድናዝን መጻፍ ምን ይረባል? አልሁ። መምህሩ፣ «ጋሼ፣ እንዴት እንደበቀለ ካላየን፣ ሌላው ሲበቅል በምን እናውቃለን?» አለኝ። ማንበቤን ቀጠልሁ።

አንድ ቦታ ላይ ደረስን። ወንዝ ሞልቶ ሕፃን ሊወስድ ሲል አንድ ዓሣ አጥማጅ ያወጣዋል። ሰዉ ግን ያወጣው ኋላ ገዥ የሚሆነው ወጣት መስሎት አቅፎ ይስመዋል። ወጣቱ አልዋሸም። ዝም ብቻ አለ። «በሩ ይኸ ነው» አልኋቸው መጽሐፉን አጥፌ። «የቀረው ክፋት ሁሉ በዚህ ገባ።»

በማግሥቱ ጠባቂው በሩን ከፈተና ቆቡን አወለቀ። ለወትሮው ደግ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ልንሞቅ ግቢ ስንወጣ ከሌሎች ክፍሎች አስረዝሞ ይተወናል። ለሹፌሩ ደረት ከመድኃኒት ይበልጥ ነበር።

«አባቴ፣ ዘወትር ሲደግሙ እሰማለሁ» አለኝ። «እናቴ ታማብኛለች። ወንዛዬ ፍል ውኃ ወስደናት ነበር፣ አልሆነላትም። በጸሎትዎ ያስቡልኝ።»

ፀሐዩ የረዘመልን ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። መጽሐፉ ከጋቢዬ ሥር ነበር። ሹፌሩ በእግሩ ነካ አደረገኝ፤ ዝም በል ማለቱ ነው። ዝም ብል ዋሸህ የሚለኝ አልነበረም።

መጽሐፉን አውጥቼ ሰጠሁት። «ልጄ፣ ስትሰማው የኖርኸው ዳዊት አይደለም። ልብ ወለድ ነው።»

ገጾቹን አገላበጠ። «ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«እኔ እኮ በሩ ላይ ቆሜ አማትብ ነበር» አለ። ቆቡን አጠለቀ፣ መጽሐፉን ይዞ ወጣ።

ሹፌሩ ጋቢውን ተከናነበ። ኋላ፣ «እርስዎ ጸደቁ፤ የሚያስለው ግን የእኔ ደረት ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር።

መሪጌታ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። «ሂድ፣ የእናቱን ስመ ክርስትና ጠይቀው።»

በሩን አንኳኳሁ። ደግሜ አንኳኳሁ። ቆይቶ፣ በሩን ሳይከፍት፣ ስሟን ነገረኝ። መሪጌታ ጸሎቱን ጀመሩ፤ እኛም ቆምን። መምህሩ የሌላ ሃይማኖት ሰው ነው፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ሹፌሩ እያሳለ ቆመ።

በማግሥቱ በራችን ለፀሐይ አልተከፈተም። ከዚያም በኋላ ብዙ ጠዋት የሌሎችን እግር ኮቴ ከውስጥ ሆነን ሰማን።

ከተፈታሁ በኋላ ልጄ መጽሐፉን እንደገና ገዛችልኝ፤ ጨረስሁት። ለዚያ ወጣት አዝኛለሁ፤ ይቅር ግን አላልሁትም። ለልጆቼም እንዲህ እላቸዋለሁ፦ ባልሠራችሁት ሲያመሰግኗችሁ ቶሎ ተናገሩ፤ ሲቆይ ይጣፍጣል። እንዲህ ስል ግን በነፃ የሚሆን አስመስዬ አልነግራቸውም።

ያ ቃሌ ያስከፈለን ይኸውና። እኔን አንድ መጽሐፍ። መምህሩን የታሪኩን መጨረሻ። መሪጌታን አጥንታቸውን የምታሞቀውን ሰዓት። ጠባቂውን፣ በሩ ላይ ቆሞ ያገኘውን መጽናናት፤ እናቱ ድና እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሹፌሩ በደረቱ ከሁላችን አብልጦ ከፈለ። ሐሙሲት ላይ አውቶቡስ ሲቆም ከሻይ ቤቱ ደጅ ሳሉን ሰምቼ እወርዳለሁ። ሻዩን የሚያዝልኝ እሱ ነው።