ከቀዳዳው ሥር ማን ነበር?

ሰፈርተኛው ቆርቆሮ መቺውን «ቀዳዳው» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ቀን የሰው ጣሪያ ሲደፍን ውሎ ማታ ቤቱ ሲገባ ቀዳዳ ሲያደንቅ ያመሻል ብለው። እውነታቸውን ነው። ከመኝታ ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ግድግዳ ላይ የተበሱ ቆርቆሮዎች እንደ ቤተሰብ ፎቶ ተሰቅለዋል። ከእያንዳንዱ ሥር ደግሞ ያን ቆርቆሮ የበሳው ጥቁር ድንጋይ በትንሽ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ አንዳንዱ ከጥፍር የማይበልጥ ስባሪ ነው። በልዋጭም፣ በልመናም፣ በጭቅጭቅም ያገኛቸው ናቸው።

ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ መሰብሰብ የለከፈው ሰው ሁሉ የየራሱ አመል አለው። በስልክ ብቻ የሚያውቃቸው አንድ ባለ መድኃኒት ቤት ብረት የሆነውን እንጂ ሌላውን አይነኩም፤ ተቆርጦና ተወልውሎ ሲያበቃ አሲድ ሲነካው ከውስጡ የሚወጣው የተጠላለፈ መስመር እንቅልፍ ይነሳቸዋል። አንዲት አስተማሪ የምትፈልገው በተወለደችበት ዓመት የወደቀውን ብቻ ነው፤ «አብረን ነው የመጣነው» ትላለች። ከጨረቃ ተፈንጥሮ የመጣ ካልሆነ ዞር ብሎ የማያይም አለ።

የኛን ሰው ግን ቤት ያልመታ ድንጋይ አይጥመውም። ዕድሜውን ሙሉ ዝናብ፣ ነፋስ፣ ድመትና እርግብ ወደ ሰው ቤት እንዳይገቡ ሲከላከል የኖረ ነው። ያን ሁሉ ባዶ ሰማይ አቋርጦ፣ ባሕር እያለለት፣ በረሃ እያለለት፣ የአንድ ሰው ጓዳ ላይ የሚያርፍ ነገር ልቡን ይሰቅለዋል። እንግዳው በየት በኩል እንደገባ የሚመሰክረው ደግሞ ቀዳዳው ነው። ስለዚህ ድንጋይ ያለ ቆርቆሮው፣ ቆርቆሮም ያለ ድንጋዩ፣ ለእሱ ግማሽ ነገር ነው።

አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ይህን ነገር ወደውለት አያውቁም። አንድ ጊዜ፣ ገና በእግራቸው ሲሄዱ፣ ያቺን ክፍል ገብተው ዞር ዞር ብለው አዩና አንዱን ቆርቆሮ በጣታቸው እያሳዩ፣ «ከዚህ ሥር ማን ነበር?» ብለው ጠየቁት። የቀዳዳውን ስፋት ነገራቸው። ድንጋዩ በየትኛው ወር እንደወደቀ፣ ቆርቆሮው ምን ያህል ውፍረት እንዳለው ነገራቸው። ማን እንደነበር ግን አያውቅም፤ ለመጠየቅም አስቦ አያውቅም። «የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» አሉና ወጡ። እሱ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ሚስቱ አልሳቀችም።

የዝናቡ ወራት ሊገባ ሲል፣ አንድ ጠዋት የሰው ጣሪያ ላይ ቁጢጥ ብሎ ምስማር ሲመታ ሰማዩ ያለ ደመና አጉረመረመ። ቀና ብሎ ቢያይ ምንም የለም። ብዙም ሳይቆይ ሚስቱ ደወለች። እናቷን ልታስታምም እናቷ ቤት ከርማለች፤ አሮጊቷ ዳሌያቸው ተሰብሮ አጥንቱ እንዲገጥም እግራቸው በተንጠለጠለ ክብደት ተወጥሮ አልጋ ላይ ከዋሉ ወር አልፏቸዋል።

ጣሪያው ተበስቷል አለችው። ድንጋይ ነው፣ ከእማዬ ራስ በላይ ኮርኒሱ ላይ ተሰክቶ ቀርቷል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሥራ ሄዷል፣ ብቻዬን ላነሳት አልችልም፣ ቶሎ ድረስ። ከዚህ ሁሉ ጆሮው የያዘው «ተሰክቶ ቀርቷል» የሚለውን ነው። መሰላሉን ተሸክሞ እንዴት እንደደረሰ ራሱም አያውቀውም።

የአማቱ ቤት ሁለት ክፍል ነው። ሲገባ ዓይኑ ኮርኒሱ ላይ ተተከለ። የኮርኒሱ የእንጨት ሰሌዳ፣ ችፑዱ፣ ወደ ታች ሆዱን ነፍቶ፣ ሁለት ቡጢ የሚያህል ጥቁር ነገር ግማሽ አካሉን በስንጥቁ አውጥቷል። ድንጋዩ ጣሪያውን በስቶ፣ አንዱን ማገር ሰንጥቆ፣ እዚያ ላይ ጉልበቱ አልቆ ነው። ልክ ከሥሩ ትራስ አለ፤ ትራሱ ላይ የአሮጊቷ ራስ። አንድ እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ተጨብጦ፣ እሱን ያዩታል።

«መጀመሪያ እማዬን እናውጣ» አለች ሚስቱ።

አንድ ጊዜ ላየው ብቻ፣ አላት። ከላይ በኩል ቆርቆሮውን አንስቶ ድንጋዩን መዞ ሲያወጣው አደጋውም አብሮ እንደሚወጣ አስረዳት። ሲናገረው ለራሱም እውነት መሰለው። የሆዱን ግን ሆዱ ያውቀዋል፤ የፈራው ሰው ሲተራመስ ድንጋዩ እንዳይወድቅና እንዳይሰበር፣ ቀዳዳውም እንዳይጣመም ነው። ሚስቱ የእናቷን እግር የወጠረውን ክብደት በሁለት እጇ ይዛ፣ መሰላሉን ሲወጣ በመስኮቱ አየችው።

ጣሪያው ላይ ያየው ነገር ዓለሙን አስረሳው። ቀዳዳው ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ዙሪያው ጥቁር ዱቄት ተቀብቶ፣ ማንም ሳይነካው እንደ ተፈጠረ አለ። ፎቶ አነሳው። ተንበርክኮ ለካው። ከዚያ ጉጠቱን አውጥቶ፣ ቆርቆሮውን ሳይቆርጥ ሙሉውን ሊያነሳ፣ ምስማሩን አንድ በአንድ ይነቅል ጀመር። በስተጀርባው ሰማዩ ጠቁሯል። ቆርቆሮ መቺ ደመና ሲመጣ ጣሪያ አይከፍትም፤ ትናንት ሥራ የጀመረ ተለማማጅ እንኳ ይህን ያውቃል። ያን ቀን እዚያ ላይ የነበረው ግን ቆርቆሮ መቺው አልነበረም።

የመጨረሻውን ምስማር ሲነቅል የመጀመሪያው ጠብታ አንገቱ ላይ አረፈ። ወዲያው ዝናቡ ዘረገፈው። ነፋሱ የተነቀለውን ቆርቆሮ ከእጁ ነጥቆ እያንኳኳ ይዞት ወረደ፤ ለመያዝም ጊዜ አላገኘም። ውሃው በተከፈተው ጣሪያ ገብቶ በቀጥታ ኮርኒሱ ላይ ተኛ። ችፑድ ውሃ ሲጠጣ ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ ያውቃል። ዓይኑ እያየ ድንጋዩ ወደ ታች መስመጥ ጀመረ፤ ከታችም የአማቱ ማቃሰት ተሰማው።

በሆዱ ማገሩ ላይ ተደፍቶ ክንዱን እስከ ትከሻው ድረስ ሰደደና ጣቶቹን በድንጋዩና በችፑዱ መሃል ሸጉጦ ጨበጠው። ወደ ላይ ቢስበው ኮርኒሱ ተቀዶ ሁሉም አሮጊቷ ላይ ይወርዳል፤ ቢለቀው ያው ነው። ያለው ምርጫ መያዝ ብቻ ነበር።

«አልጋውን ጎትቺ» አለ። «ይዤዋለሁ።»

የብረቱ አልጋ ሲሚንቶውን ሲፍቅ ሰማ፤ ፈቀቅ፣ ደግሞ ዝም፣ ደግሞ ፈቀቅ። በየመሃሉ ክብደቱን አስተካክላ ሳትመለስ አትቀርም፣ ዝም የሚለው ጊዜ ይረዝማል። አልጋው በፈቀቀ ቁጥር አሮጊቷ ያቃስታሉ። የተሰነጠቀው ማገር ከደረቱ ሥር ይንቋቋል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር፤ ግን ከፍርሃቱ ሥር ሌላ የሚያሳፍር ነገርም ነበር። በመዳፉ የያዘው ድንጋይ እስከ ዛሬ ጠዋት ምድርን ነክቶ የማያውቅ ነው። ቀዝቃዛ ነው፣ ከመጠኑ በላይ ከባድ ነው፣ ገላው ሻካራ ነው። ከተለማማጅነቱ ጀምሮ የተመኘው፣ ማንም ያልሸጠለት፣ ማንም ያልለወጠለት፣ የራሱ።

«ወጥታለች፤ ልቀቀው» አለች ሚስቱ ከታች።

ጣቶቹ አልታዘዙትም።

«ማገሩ እየተሰበረ ነው። ልቀቀው አልኩህ እኮ።»

ምናልባት ቀስ ብሎ ቢስበው፣ አሁን ከሥሩ ማንም ስለሌለ፣ ምናልባት። ሁለተኛ እጁን ከማገሩ ላይ አንስቶ ወደ ድንጋዩ ሰደደ። ማገሩ ጭራሽ ወደ ታች ዘመመ፤ እግሮቹ ርጥቡ ቆርቆሮ ላይ ተንሸራተቱ። ያኔ አማቱ ከወዲያኛው ክፍል፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ፣ «ልጄን ባል አታሳጣት» አሉ።

ለቀቀው።

ኮርኒሱ ከነውሃው፣ ከነአቧራው ወረደ። ድንጋዩ ቅድም ትራሱ የነበረበት ሲሚንቶ ላይ ወድቆ ፍርክስክስ አለ። እሱ ደህና ወደሆነው ማገር ተስቦ ተቀመጠና አንድ ጊዜ ብቻ ቁልቁል አየው። ጥቁሩ ገላው ውስጡ አመድማ ነው፤ ጭቃ ውሃው እየገባበት ነበር። ከዚያ ቆርቆሮ መቺነቱ ተመለሰለት፤ ሸራውን ከመሣሪያ ከረጢቱ አውጥቶ ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር ወጥሮ አሰረ።

ሲወርድ ሚስቱ በባልዲ ውሃ ታወጣለች። ቀና ብላ አላየችውም። በስባሪዎቹ መሃል ተራምዶ ወደ ሁለተኛው ክፍል ገባና፣ ከልብሱ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ አልጋው አጠገብ ቆመ።

«እማማ፣ አመመዎት?»

«አሁን ጠየቅከኝ» አሉ። ከዚያ ጠዋት ሙሉ ጨብጠውት የዋሉትን እጃቸውን ፈቱ። መዳፋቸው ላይ የሽንብራ ያህል ጥቁር ስባሪ ነበረች። «ያን ጊዜ ሲመታ ይቺ ተፈናጥራ ብርድ ልብሴ ላይ ወደቀች። ለአማቼ ብዬ ነበር የያዝኳት፤ ደስ ይለዋል ብዬ። ስትገባ ግን ዓይንህ ወደ ላይ ሄደ። እኔን ሳታየኝ ወጣህ።»

ሐፍረቱ ፊቱን አቃጠለው።

«ከቀዳዳው ሥር ማን ነበር ቢሉህ፣ አሁን ምን ትላለህ?»

«እርስዎ» አለ።

«እንግዲያው የኔ ናት» አሉና ስባሪዋን መልሰው ከትራሳቸው ሥር ሸጎጧት። ቆይተው አንገታቸው ስለደነዘዘ ትራሱን እንዲያስተካክልላቸው ጠየቁት። እሱም እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ራሳቸውን በአንድ ክንዱ ደግፎ ትራሱን ከፍ አደረገው። ስባሪዋ ጣቱን ነካችው፤ እንዳለች ተዋት።