ሻጩ ሳይውጥ የማይሸጥ መድኃኒት

ከወምበራ የተነሣሁት የገና ማግስት ነው። የበዓል ማግስት መንገድ የሚወጣ ሰው ወይ የሸሸ ነው ወይ የጨነቀው፤ እኔ የጨነቀኝ ነበርሁ። ባለቤቴ ጥሩነሽ፣ ጥጥ ልንገዛ አብረን ቆላ ወርደን ሳለ ንዳድ ይዟት ተመለሰች። አንድ ቀን ያንቀጠቅጣታል፣ አንድ ቀን ይተዋታል። በተዋት ቀን “ዳንሁ” ብላ ትነሣና ቤት ትጠርጋለች፤ በማግስቱ የቤቱ ጋቢ ሁሉ ቢደረብባት አይሞቃትም። ያልጠጣችው ሥር፣ ያልተጠመቀችው ጠበል የለም። ከሱዳን ወገን የመጣ አንድ ነጋዴ “አሶሳ ገበያ ኪኒን የሚሉት ነጭ ዱቄት አለ፤ ንዳድን የሚያባርረው እሱ ነው” ሲለኝ፣ ጥሩነሽን ለእናቷ አደራ ሰጥቼ በቅሎዬን ጫንሁ።

ቁልቁል ወደ ዓባይ

ከወምበራ ደጋ ሲወርዱ ብርዱ ትከሻ ላይ ሳይለቅ ሙቀቱ ከእግር ይጀምራል። በመንገድ ያገኘኋቸው ጉሙዞች ቋንቋቸውን ባላውቅም በቅል ውሃ ሰጡኝ፤ አንዱም ቀስቱን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ እስከ ወንዙ መንገድ አሳየኝ። ዓባይን የተሻገርሁት በቀርከሃ ታንኳ ነው። ቀዛፊው አንድ አሞሌ ለኔ፣ አንድ አሞሌ ለበቅሎዋ ጠየቀኝ። በቅሎዋ በዋና የምትሻገር ሆና ሳለ ለምን ትከፍላለች ብዬ ልከራከር አሰብሁና ውሃውን አየሁ፤ ዋና አላውቅም። ዝም ብዬ ከፈልሁ።

ከወንዙ ወዲያ አገሩ ሁሉ ቀርከሃ ነው፤ ቤቱም፣ አጥሩም፣ አልጋውም። በአንድ የበርታ መንደር ያሳረፉኝ ሰዎች ረመዳን ይዘው ነበር። እነሱ ምራቃቸውን እየዋጡ ለኔ በቀትር የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር ሠርተው አቀረቡልኝ። “አብረን እንጠብቅ፣ ሲመሽ እበላለሁ” ብል የቤቱ እመቤት ተቆጣች። “እንግዳ ጾም የለውም” አለች። በላሁ፤ ፊቴን ግን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው።

አሶሳ ገበያ

ገበያው የደራ ነው። ጨው፣ ማር፣ ጥጥ፣ በላባ ቀሰም የተሞላ የወርቅ ብናኝ አለ። መድኃኒት ሻጮቹ በአንድ ወገን ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ የሁሉም ቅርጫት ግን በጨርቅ ተሸፍኗል። ከዳር የተቀመጡት ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ሐጂ አልበሽር ይባላሉ።

“ሐጂ፣ ኪኒን አለዎት?”

“አለ። መሸጥ ግን የለም።”

ነገሩን ያስረዱኝ በትዕግሥት ነው። ባለፈው ክረምት ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው እሬትና መርዘኛ ሥር ያቀላቀለበት ዱቄት ኪኒን ነው ብሎ በምሽት ሸጦ ጠፋ። የገዙት ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ አዋጅ ወጣ፦ መድኃኒት የሚሸጥ ሰው በቀን፣ በገበያው ዳኛ ወይም በዳኛው ወታደር ፊት፣ ከሚሸጠው ቆንጥሮ ራሱ ሳይውጥ እንዳይሸጥ።

“አዋጁ ጥሩ ነው፣ ወላሂ” አሉ ሐጂ። “ያ ሌባ የሁላችንን ስም ገደለ። አዋጁ ሲመጣ ሰው እኛን እንደገና አመነ። አሁን ግን ረመዳን ነው። በቀን መዋጥ የለም።”

አዋጁን ያወጡት ሰዎች ረመዳንን አላሰቡትም፤ መድኃኒት ሻጮቹ ደግሞ አንድ ሳይቀሩ እስላሞች ናቸው። ጾሙ ሊያልቅ ገና ብዙ ቀን ይቀራል። ጥሩነሽ ያን ያህል አትቆይልኝም።

ወደ ገበያው ዳኛ ሄድሁ። ከሾላ ጥላ ሥር የተቀመጡ ባላምባራስ ናቸው፤ አነጋገራቸው የሸዋ ነው። እጅ ነሥቼ ጭንቄን ነገርኋቸው።

“እኔው ልዋጠው፣ ጌታዬ። ብሞት ልሙት።”

“የሞቱትም ገዢዎች ናቸው” አሉኝ። “አዋጁን እኔ አላወጣሁትም፣ ጠባቂ ነኝ። ዛሬ ላንተ ብዬ ብተወው ነገ ያገሩ ሰው ሚስት ሁሉ ታማ ታድራለች።”

ተናድጄ ወጣሁ። ዳኛውንም፣ አዋጁንም፣ ያን ሌባም አንድ ላይ ረገምሁ። ሰውየው ያሉት እውነት መሆኑ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ተመልሼ ሐጂ አጠገብ መሬት ላይ ዘጭ አልሁ።

ሐጂ መቁጠሪያቸውን እያገላበጡ አዩኝ። “ሚስትህ ልጅ አለው?” አሉኝ፤ አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም።

“ሁለት አላት። ትንሿ ገና ጡት አልጣለችም።”

መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ “መንገደኛ ሰው ጾም መፍታት ይችላል” አሉ። “እኔ መንገደኛ እሆናለሁ።”

ደስታ አሰከረኝ። “እንግዲያው ከከተማው ጫፍ ወጣ ብለው ይመለሱ!”

“ኧረ! አላህ ልጅ ነው ወይ?” ብለው ሳቁብኝ። “መንገዱ እውነት መሆን አለበት። ዓባይ ዳር እህቴ አለ። ብዙ ጊዜ አላየሁም። እስከ እሱ ቤት ካንተ ጋር እሄዳለሁ።”

ባላምባራስ ይህን ሲሰሙ ጢማቸውን እያሹ ፈገግ አሉ። “አዋጁ ‘በወታደር ፊት’ ይላል እንጂ ‘በገበያ’ አይልም” ብለው ደምሴ የሚባል ወታደራቸውን አዘዙልን። ጠዋት የረገምኋቸውን ሰው ማታ መረቅሁ።

ከጎህ በፊት

ሳይነጋ ወጣን። ከተማው ከኋላችን ጠፍቶ ፀሐይ ሲወጣ ሐጂ ከአንድ ቀርከሃ ሥር ተቀመጡ። ከብብታቸው ቀንድ አወጡ፤ ክዳኑን ከፍተው ነጩን ዱቄት በሁለት ጣታቸው ቆነጠሩ። እጃቸው አየር ላይ ቆመ።

“ከልጅነት ጀምሮ” አሉ፣ “ረመዳን አንድ ቀን ፈትቼ አላውቅም።”

“ይተዉት፣ ሐጂ” አልሁ። እንዴት እንዳልሁት አላውቅም፤ ጥሩነሽን የረሳሁ ይመስል ነበር።

“ቢስሚላህ” ብለው ዋጡት። ምሬቱ ፊታቸውን አጨማደደው፤ ውሃ አስከተሉበት። ደምሴ ደንቡ ነውና “ምላስዎን ያሳዩኝ፣ አባቴ” አለ፤ አፉ ግን ይንተባተብ ነበር። ሐጂ እንደ ሕፃን ምላሳቸውን አወጡ። ደምሴ “ውጠዋል” ብሎ ፊቱን አዞረ። እኔ አለቀስሁ፤ አላፈርሁበትም።

ዋጋው አንድ ብር ነው። ሁለት ብሰጥ አንዱን መለሱት። “ጠዋት በማር ስጠው” አሉኝ። “ሚስትህ ይጮሃል፤ መራራ ነው። አንተ አትስማ።” ደምሴ ከዚያ ተመለሰ፤ እኛ ወደ ዓባይ ቀጠልን።

በማግስቱ ፀሐዩ ሲበረታ ቅሌን ለሐጂ ዘረጋሁ። አልተቀበሉኝም።

“ዛሬም መንገደኛ ነዎት እኮ።”

“ትናንት ለሚስትህ ነው። ዛሬ ለማን ነው?” ብለው ከንፈራቸው እንደደረቀ ሄዱ።

እህታቸው ደጅ ስንለያይ እግራቸውን ልስም ጎንበስ ብል ትከሻዬን ያዙኝ። “ዒድ ሲያልፍ አንድ ቀን እጾማለሁ፣ አለቀ። አንተ ፍጠን።”

ቤት

ስደርስ ጥሩነሽ ዓይኗን እንጂ አንገቷን ማዞር አልቻለችም ነበር። በማር አደረግሁላት፤ ሐጂ እንዳሉት ጮኸች፣ እኔም አልሰማሁም። የሚያንቀጠቅጣት ቀን መጣ፤ አላንቀጠቀጣትም። የሚቀጥለውም መጣ፣ አለፈ። ከዚያ አንድ ጠዋት “ራበኝ” አለች። በሕይወቴ ከዚህ የጣፈጠ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

አዋጅ ባይኖር ኖሮ ያ ዱቄት እውነተኛ መሆኑን ማን ያውቅልኝ ነበር? አዋጁ ብቻ ቢሆን ደግሞ ባዶ እጄን ተመልሼ እቀብራት ነበር። ይህን መንገድ ላይ ተማርሁ፤ ሕግ ሌባን ይከለክላል፣ ሰውን የሚያድን ግን ሰው ነው። ለባላምባራስም ለሐጂም ዕድሜ እለምናለሁ።

ጥሩነሽ በርትታ ስትቀመጥ ሁሉንም ነገርኋት። ጉርሻዋን ከአፏ መልሳ እንጀራው ላይ አኖረችው።

“የሰው ጾም ነዋ የዋጥሁት” አለች። “መቼ ነው የሚመልሷት?”

“ከዒድ በኋላ።”

“የትኛዋን ቀን?”

“አልጠየቅኋቸውም።”

“ሰዉ ሁሉ ሲበላ ብቻቸውን ሊጾሙ ነው? እንግዲያው ከዒድ በኋላ ያለውን ሳምንት ሁሉ እጾማለሁ፤ አንዷ ቀን ትገጥምላቸዋለች።”

“ገና ሳትጠኚ!” ብዬ ተቆጣሁ። ተጨቃጨቅን፤ በመጨረሻ ተካፈልን። ቅዳሜና እሑድ በኛ አይጾምም፤ ረቡዕና ዓርብ ድሮም ጾማችን ነው። ሰኞና ማክሰኞን እኔ ያዝሁ፤ ሐሙስን አልሰጥም አለችኝ።